ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት

ቤተሰብ ይዛችሁ ባሕር ዳርን ለማየት ያሰባችሁ፣ በተለይ ከውጭ የምትመጡ፣ ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ከተማዋን ለመውቀስ አይደለም። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳርን የሚወቅስ አፍ የለኝም። አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና እናቴን ይዤ ለአንድ ሙሉ ቀን ወጣን። ያሰብነው ጠዋት በጀልባ ጣና ላይ ወዳለው ዘጌ ገዳማት፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ወደ ማታ ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ ነበር። ጢስ ዓባይ ቀረ። የቀረው በጀልባው ምክንያት ነው።

ጀልባውን የያዝነው በዋዜማው፣ ወደቡ አካባቢ በሚዞር አንድ ደላላ በኩል ነው። ስማቸውን አልጠራም። ስምምነቱ ግን ግልጽ ነበር። ኮንትራት፣ እኛ ብቻ፣ ደርሶ መልስ፣ 5,000 ብር። መነሻ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ።

ጠዋት በሰዓቱ ደረስን። ጀልባው አለ፣ ነጂው የለም። ስንደውል «ቤንዚን እየቀዳሁ ነው፣ አምስት ደቂቃ» ይለናል። ደግመን ስንደውልም ያው አምስት ደቂቃ ነው። የቤንዚን ችግር እንዳለ አውቃለሁ፤ ሰልፉን በዓይኔ አይቻለሁ። እውነቱን ቢነግረን ሄደን ቁርስ በልተን እንመለስ ነበር። እናቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም አልቀምስም ብላ በባዶ ሆዷ ነው የወጣችው። ልጆቹ በመጀመሪያ ታንኳዎቹን እያዩ ተደሰቱ፤ ኋላ ግን ደከማቸው። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት ሰዓትም አለፈ።

ነጂው ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ስድስት ሰው አስከትሏል። «እነሱም ዘጌ ናቸው ጋሼ፤ ቦታ አለ እኮ፣ ምን አለበት» አለኝ። ኮንትራት መሆኑን ነገርሁት። ሰዎቹ ግን ከፍለው ኖሯል። የከፈለን ሰው፣ ያውም መነኩሲት አብረው እያሉ፣ ውረዱ አይባልም። ተሳፈርን። ላይፍ ጃኬት ስጠይቅ ለዚያ ሁሉ ሰው አራት ብቻ ወጣ። ሁለቱን ለልጆቹ አለበስን። ለእናቴ የደረሳት ማሰሪያው የተበጠሰ ነበር። ጣና ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ነው ሞገድ የሚያወጣው። በማለዳ እንነሣ ያልነውም ለዚሁ ነበር።

ቶሮንቶም ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ወደ ደሴቶቹ የሚያሻግረው ጀልባ ዋጋው ተለጥፏል፤ ለአዋቂ ይህን ያህል፣ ለሕፃን ይህን ያህል። ትኬት ትቆርጣለህ፣ ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ። ማንም አይጨቃጨቅህም። ያን ጀልባ በተሳፈርሁ ቁጥር ጣና ነው ትዝ የሚለኝ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ በገዳማት የተሞላ ሐይቅ ይዘን፣ ወደቡ ላይ አንድ የዋጋ ሰሌዳ መለጠፍ እንዴት ያቅተናል?

ዘጌ ስንደርስ ግን ንዴቴ በረደ። ከመውረጃው ወደ ላይ በቡናው ጫካ መሐል ያለው መንገድ በነሐሴ ጭቃ ነው፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ። የአካባቢው አስጎብኚ ወጣት ልጅ ነው። ሂሳቡን ገና ሳንነሣ ነገረን፣ ደረሰኝ ቆረጠልን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ብር አላነሣም። እናቴን እጇን ይዞ ነው ያወጣት። ልጄ «ለምንድን ነው ላምና በሬ የማይታየው?» ብላ ስትጠይቀው፣ የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ ዘጌ ላይ በሬ እንደማይጠመድ፣ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ እንደሚተዳደር በትዕግሥት አስረዳት። ጫካውም ሳይመነጠር የቆየው በዚህ ነው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ስለማታውቁት ብቻ ሳይሆን ብታውቁትም ደግማችሁ ግቡ። ክቡ መቅደስ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ልጆቼ አማርኛ የሚሰሙት በግማሽ ነው፤ ሥዕሉን ግን አስጎብኚው እየጠቆመ ሲነግራቸው አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። እናቴ ከአንዱ በር ሥር ተንበርክካ ቆየች። ማንም ቶሎ በሉ አላለንም። ከዚያ ወዲህ ያሉ አንዲት እናት ያፈሉልን የዘጌ ቡና እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። ለእናቴ የመጀመሪያ ምግቧ እዚያ የቀረበላት ዳቦ ነበር።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ነጂው «መጠበቂያ 2,000 ብር» አለ። ከሰዓቱ በላይ ቆይታችኋል ነው የሚለው። ጠዋት እኛን ያቆመበትን ሰዓት ብጠቅስለት አልሰማም። ልጆቹ ደግሞ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራሉ ብሎ ሌላ ሂሳብ ጀመረ። ረዳቱ ዞር ብሎ «ዲያስፖራ አይደል፣ ይከፍላል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ከብሩ ይልቅ ያቺ ቃል ናት ያንገበገበችኝ። በሰው አገር ስኖር እንግዳ ነኝ፤ ያንን ለምጄዋለሁ። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ባሕር ዳር ላይ እንግዳ መባልን ግን አልለምደውም። እናቴ «ተሳልመን ወጥተን አትጨቃጨቅ፣ ስጠው» አለችኝ። ወደ እሱም ዞራ «አንተም የእኔ ልጅ፣ ቃል ይከበራል» አለችው። 2,000 ብሩን ተቀበለ። የልጆቹን ተወው።

ባሕር ዳር ስንደርስ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡም ጀምሯል። ለጢስ ዓባይ የያዝነው ሾፌር እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቆናል። ቀብዱን ግን አልወሰደም። «ሳልሠራ ምን ብዬ እወስዳለሁ?» ብሎ ሆቴሉ ድረስ መጥቶ መለሰልኝ። በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላን ነበረንና ሌላ ዕድል አልነበረንም። ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር እዚያ ሄዶ የሚታየው ጥቂት ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ እየጨሰ የሚወርደውን ዓባይ ለማየት ነሐሴና መስከረም ነው ጊዜው። ልጆቼን በነሐሴ ያመጣኋቸው ለዚህ ነበር።

ምሳ ሐይቁ ዳር በላን። ፍልሰታ ተፈትቶ ስለነበር እናቴም ዓሣ በላች። ዋጋው ሜኑው ላይ ያለው ነው፣ አልተጨመረም፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም ትኩስ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ቤዛዊት ወጣን። ድልድዩ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተመርቆ የተከፈተው ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድም አለው። ከቤዛዊት ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጓዝ ይታያል። ልጆቹ የዓባይን ስም ከትምህርት ቤት ያውቁታል፤ ከዚህ እንደሚነሣ ግን እዚያ ቆመው ነው ያመኑት።

ለምትሄዱ የምለው ይህ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ «መጠበቂያ አለው ወይ? ልጆች ይከፍላሉ ወይ? ሌላ ሰው ይጫናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በስልክ መልእክት አስልኩ። ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ ቀሪውን ከተመለሳችሁ በኋላ። ላይፍ ጃኬቱን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ። በደላላ ሳይሆን በሆቴላችሁ በኩል ያዙ፤ ያንን ሾፌር ያገኘነው በዚያ መንገድ ነው። አስጎብኚያችን እንደነገረን ዘጌ በመኪናም ይገባል። እናቴ ለየካቲት 16 ንግሥ በዚያ በኩል ልትሄድ ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋግራለች።