ጎደሎ መጽሐፍ ሸጦልኝ «ጎደሎ አንገዛም» አለኝ

ሜክሲኮ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ፣ በተለይ የእንግሊዝኛ የወንጀል ልብወለድ የምትወዱ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ዛሬ ከሰዓት የደረሰብኝ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

አካሄዳቸውን ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሏል። «አትክፈቺው፣ አቧራ ይገባበታል» ትባላላችሁ። 900 ይላል፣ 500 ትላላችሁ፣ ሄድ ስትሉ ይጠራችኋል፣ 700 ላይ ትስማማላችሁ። በላይዋ ላይ ማባበያዋ ትመጣለች፦ «አንብበሽ ስትጨርሺ አምጪው፣ በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ።» እኔን የያዘችኝ ይቺ ናት። ለንባብ 350 ብር ብቻ ማለት ነው። በዚህ ኑሮ ማን ይጠላል?

መጽሐፉ የታና ፍሬንች «ኢን ዘ ዉድስ» ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኤድጋር የሚባለውን የአሜሪካ ሽልማት በመጀመሪያ ልብወለድ ዘርፍ ወስዷል። ታሪኩ ደብሊን አጠገብ ነው። በ1984 ሦስት ልጆች ጫካ ይገባሉ፣ አንዱ ብቻ ይገኛል። ዛፍ የሙጥኝ ብሎ፣ ጫማው ደም ጠጥቶ፣ አንድም ነገር ሳያስታውስ። ያ ልጅ አድጎ፣ በሌላ ስም እየተጠራ፣ የግድያ መርማሪ ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያው ሰፈር የ12 ዓመት ልጅ ተገድላ ትገኛለች። ጉዳዩ ለእሱና ለባልደረባው ለካሲ ይደርሳል። ያኔ የተረፈው ልጅ እሱ መሆኑን ለአለቃው አይናገርም። ካሲም ብትሆን በስውር ሥራ ላይ ሳለች በስለት የተወጋች ናት። ሁለቱም የራሳቸውን ቁስል ደብቀው የሰው ቁስል ይመረምራሉ። እንቅልፍ የሚያሳጣ መጽሐፍ ነው፣ አልዋሽም።

ታዲያ ልቤ ተንጠልጥሎ ገጽ 368 ስደርስ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተቆረጠ። ቀጣዩ ገጽ 385! አስራ ስድስት ገጽ የለም። ተቀዶ ቢሆን ቅሪት ወረቀት ይታይ ነበር፣ እሱም የለም። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጠረዘው በ16 ወይም በ32 ገጽ እየተቧደነ ነው። ሙጫው ሲያረጅ አንዱ ጥራዝ እንዳለ ይወልቃል። ያ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ጀርባውን ጎንበስ አድርጌ ሳየው አዲስ ሙጫ ተቀብቷል። ጥፍሬን ብሰድበት ነጭ ሆኖ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። የዋናው ሙጫ ቢጫና ደረቅ ነው። አንድ ሰው የወለቀውን አይቶ፣ የቀረውን አጣብቆ፣ በላስቲክ ጠቅልሎታል።

ይህንንም ይዤ በደህና ልብ ነው የሄድኩት። ይቀይሩልኛል ብዬ። መጽሐፉን አውጥቼ ገና «ይሄ መጽሐፍ...» ስል ባለቤቱ አንብቤ ልሸጥለት የመጣሁ መሰለው። ተቀበለኝ። ሽፋኑን አላየም። ከፊት አላገላበጠም። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ገጾቹን ለቀቅ ለቀቅ አደረጋቸውና ቀጥ ብሎ 368 ላይ ቆመ።

«ይሄማ ጎደሎ ነው እህቴ። ጎደሎ አንገዛም።»

ይታያችሁ! ገጽ ይጎድለዋል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። «የት ጋ እንደሚጎድል በምን አወቅክ?» አልኩት። ዝም። «ከአንተ ነው የገዛሁት እኮ፣ 700 ብር!» አልኩት። «ስትገዢ አይተሽ መግዛት ነበር» አለኝ። አትክፈቺው ያለኝ ይኸው ሰውዬ ነው!

ረዳቱ ደግሞ ይብሳል። ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «መጽሐፉ ራሱ መጨረሻ የለውም እኮ። ደራሲዋ ያልፈታችውን እኛ ከየት እናምጣልሽ?» ብሎ ሳቀ። አጠገባቸው የቆመ ደንበኛም አብሮ ሳቀ። የሚያበግነው ነገር ልጁ መጽሐፉን ያውቀዋል። እውነት ነው፣ የ1984ቱ ምስጢር ሳይፈታ ነው የሚያልቀው፣ ብዙ አንባቢም በዚያ ይናደዳል። ግን እሷ ሆን ብላ የተወችውና እነሱ በሙጫ የሸፈኑት ምን አገናኘው?

ልወጣ ስል ባለቤቱ ጠራኝ። «በቃ አትናደጂ፣ 50 ልስጥሽና ተይው።» ጎደሎ አንገዛም ያለው ሰውዬ! 50 ሰጥቶኝ፣ አዲስ ላስቲክ አልብሶ፣ ነገ ለአንዳችሁ በ700 ሊሸጠው። አልሰጠሁትም። ይዤው ወጣሁ።

ሕጉማ አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል ይላል። ግን በእነዚህ መደርደሪያዎች ደረሰኝ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። እንግዲህ ላስቲኩን አስከፍቱ፣ ካልከፈተ ጥላችሁ ሂዱ። የገጽ ቁጥሮቹን ሮጥ ሮጥ አድርጋችሁ እዩ። ጀርባው ላይ ነጭ ሙጫ ካያችሁ አትንኩት።

መጽሐፉ ያላችሁ ደግሞ ለአንድ ምሽት አውሱኝ። ከገጽ 369 እስከ 384 ብቻ ነው የማነበው።