ለአክስቴ ስለተተከለው አጥንት ያማከረን የጥብቅና ቢሮ

አክስቴ በወገባቸው ቀዶ ሕክምና ወቅት ከሟች ለጋሽ የተወሰደ አጥንት ተተክሎላቸው ነበር። ከወራት በኋላ ምርቱ ለደኅንነት ሲባል ከአገልግሎት እንደታገደና ምርመራ ማድረግ እንደሚገባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ።

ጠበቃዋ አስቀድመው የጠየቁት የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ ነው። በላዩ የተለጠፈችውን፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ወረቀት እያሳዩ፣ መለያ ቁጥሯ አጥንቱን እስከ ለጋሹ ድረስ ለመከታተል እንደሚያስችልና የመዝገቡን ቅጂ ማግኘት የታካሚው መብት እንደሆነ አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ ለጋሽ የተዘጋጀ የአጥንት ምርት በአሜሪካ ከመቶ በላይ ታካሚዎችን ለቲቢ ያጋለጠበትን አጋጣሚም በምሳሌነት አነሡልን።

ከሁሉ ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን ባዶ ተስፋ ባለመስጠታቸው ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የሰው ደምና ሕብረ ሕዋስ ማቅረብ እንደ ሸቀጥ ሽያጭ ሳይሆን እንደ አገልግሎት ስለሚቆጠር፣ ምርቱ ጉድለት ነበረበት ማለት ብቻ እንደማይበቃና የአቅራቢውን ቸልተኝነት ማስረዳት እንደሚያስፈልግ፣ በሽታ ካልተገኘም በፍርሃትና በጭንቀት ብቻ ካሳ ማግኘት እጅግ ከባድ እንደሆነ በግልጽ ነገሩን። ክሱ በይርጋ፣ ማለትም ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ በማለፉ፣ እንዳይታገድ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ወዲያውኑ መዘገቡ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። የአገልግሎት ውሉ የቀረበው በእንግሊዝኛ ብቻ ስለነበር፣ አክስቴ የሚፈርሙትን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ባለ ከባድ ጉዳይ ግን ቢሮው ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ ነበረበት።