ስፔክት ወይስ ፔት? የእናቴ የልብ ምርመራ

እናቴ ስኳር አለባት። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ሲያፍናት የልብ ደም ቧንቧዋ ጠብቦ እንደሆነ ለማየት የኑክሌር ምርመራ (ጨረር ባለው ንጥረ ነገር ልብን የሚያሳይ) ታዘዘላት። መጀመሪያ ስፔክት፣ በኋላ ፔት፤ ሁለቱም የዚህ ምርመራ ዓይነቶች ናቸው። እዚህ ሜሪላንድ ሁለቱንም አብሬያት ስለነበርኩ፣ ወላጅ ለምታመላልሱ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ምርጫ ካላችሁ ፔቱን ጠይቁ።

የሁለቱም አሠራር ተመሳሳይ ነው። ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ ደም በደንብ የሚደርሰው የልብ ጡንቻ ደምቆ፣ የማይደርሰው ፈዞ ይታያል። አንዴ በእረፍት፣ አንዴ ልብ ሥራ በዝቶበት (ይህ ነው ጫና የሚባለው) ምስል ይነሳና ይነጻጸራል።

የእናቴ ስፔክት ቴክኒሺየም በሚባል ጨረር ባለው ንጥረ ነገር ነበር። ጨረሩ በግማሽ የሚቀንሰው 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ማንም አይቸኩልም፤ መርፌ፣ መጠበቅ፣ ካሜራ፣ እንደገና መርፌ፣ እንደገና መጠበቅ፣ ግማሽ ቀን ሄደ በሉ። እጅን ከራስ በላይ ሰቅሎ ሳይነቃነቁ መተኛትም አለ። ትከሻዋን ለሚያማት እናቴ ከመርፌው ይልቅ የከበዳት እሱ ነው። ውጤቱ ደግሞ «ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የፈዘዘ ቦታ አለ፣ የደም እጥረት ይሁን የጡት ጥላ አልለየም» የሚል መጣ። በሴቶች ጡት፣ በወንዶች ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) ጨረሩን መጋረዱ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ጥላ በሲቲ (በራጅ በሚነሳ ምስል) የሚያርሙ የስፔክት ማሽኖች አሉ፣ እኛ የሄድንበት ግን አልነበረውም። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አለመኖሩ በጣም አናዶኛል፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች።

ፔቱ ሩቢዲየም-82 በሚባል ሌላ ጨረር ባለው ንጥረ ነገር ነው። ይሄ በ75 ሰከንድ ገደማ ግማሽ ይሆናል፣ ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ሩቢዲየሙን ከሚያመነጭ መሣሪያ (ጀነሬተር ይሉታል) በቀጥታ ወደ ክንዷ ነው የሚገባው። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት በታች አለቀ። ጨረሩም ያነሰ ነው፤ ቴክኒሺየም በእረፍትም በጫናም ሲሰጥ 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) አካባቢ ሲደርስ፣ ሩቢዲየም ብዙ ጊዜ ከ4 አያልፍም።

ለእኔ ግን ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። ስፔክት አንዱን የልብ ክፍል ከሌላው ጋር ነው የሚያወዳድረው። ሦስቱም ዋና የልብ ደም ቧንቧዎች እኩል ከጠበቡ ሁሉም እኩል ስለሚፈዝ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ፔት በእያንዳንዱ ግራም ጡንቻ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያልፍ ይለካል። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለትም አለው። ውድ ነው፣ በየቦታው አይገኝም፣ በሩቢዲየም ደግሞ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ሮጦ ምስል መነሳት አይሆንም፣ ጊዜው አይበቃም። በደንብ መራመድ ለሚችል ሰው፣ ሲሮጥ ምን እንደሚሰማው ማየት ራሱ ትልቅ መረጃ ስለሆነ ስፔክት ከትሬድሚል ጋር ጥሩ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፍሉርፒሪዳዝ የሚባል የፔት ንጥረ ነገር ግማሽ የሚሆነው በ110 ደቂቃ ስለሆነ ለፔትም ትሬድሚሉን ከፍቶለታል።

ለማይሮጥ ሰው በሩጫው ፋንታ የልብን ደም ቧንቧ የሚያሰፋ ሬጋዴኖሰን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ለእናቴ ሲሰጣት ፊቷ ጋለ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ለቀቃት። ካፌይን ይህን መድኃኒት ያከሽፈዋል፣ ስለዚህ ቡና ቢያንስ ምርመራው 12 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ብዙ ቦታ 24 ይላሉ። አቦል ብቻ አይደለም፤ ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮሌት፣ ካፌይን የለውም የሚባለው ቡናም ጭምር ነው። እናቴ ቡና ስታጣ ራሷን ያማታል፣ ልትውጠው ያነሳችው የራስ ምታት ኪኒን ራሱ ካፌይን ነበረበት! ጀርባውን አንብቡ።

በፔቱ ያ የፈዘዘ ቦታ ንጹህ ሆኖ ተገኘ፣ የደም ፍሰቱም ደህና ነው ተባለ፣ የታሰበው ካቴተርም (ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ደም ቧንቧ አስገብቶ ማየት) ቀረ። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ፔቱን አልከፍልም ብሎ ነበር። ሐኪሟ የስፔክቱ ውጤት እንዳልለየ፣ ስኳር እንዳለባትና መሮጥ እንደማትችል ጽፎ ሲልክላቸው ነው የፈቀዱት፤ እናንተም ሐኪማችሁን ይህንኑ አስጽፉ።