ለእግረኛ ወታደር የትኛው ጥይት ይሻላል? አምስት ጥይቶች ሚዛን ላይ

ፍርዱን እናስቀድም። ለተራው እግረኛ ተኳሽ የምንመርጠው 5.56×45ን ነው፤ አፈሙዙ ለአረሩ፣ ማለትም ከቀለሃው ወጥቶ ለሚበረው ክፍል፣ የተስማማ ከሆነ ብቻ። (የመጀመሪያው ቁጥር በግምት የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው።) 5.45×39 እግር በእግር ይከተለዋል። 7.62×39 የሚያሸንፈው አቅርቦቱ በእጅ ላይ ሲሆንና ርቀቱ ሲያጥር ነው። 7.62×51 የመትረየስና የአልሞ ተኳሽ ጥይት ነው፣ እዚያው ይቆይ። አዲሱን 6.8×51 ገና አላመንነውም።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከጉልበት ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከክብደት ነው። ሰባት ባለ 30 ካዝና የሚሞላ 210 ጥይት እንውሰድ። ካዝናው ሳይቆጠር ጥይቱ ብቻ በ5.45 ወደ 2.2 ኪሎ፣ በ5.56 ወደ 2.6 ኪሎ፣ በ7.62×39 ወደ 3.4 ኪሎ ይመዝናል። በ7.62×51 ደግሞ ከ5 ኪሎ ያልፋል። ያው ወታደር በዚያው ትከሻ በ7.62×51 ፋንታ 5.56 ቢይዝ እጥፍ ያህል ጥይት ይኖረዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት ነው። የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ብናባዛ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን በግምት ያሳየናል፤ የባሩዱ ጋዝ የሚጨምረው ለብቻው ነው። 3.4 ግራም የሆነው የ5.45 አረር በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ሲወጣ ውጤቱ (ክብደቱ በኪሎ ሲሰላ) 3 ይሆናል። 4 ግራም ያለው የ5.56 አረር በ940 ሜትር 3.8፣ 8 ግራሙ የ7.62×39 አረር በ715 ሜትር 5.7፣ 9.5 ግራሙ የ7.62×51 አረር በ840 ሜትር ወደ 8 ይደርሳሉ። የመጨረሻው ከ5.56 እጥፍ ይበልጣል። የመጀመሪያው ጥይት ከወጣ በኋላ ዓይን ወደ ኢላማው እስኪመለስ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ ይመነጫል፤ በተከታታይ ሲተኮስ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ይኸው ነው።

ኔቶ እ.ኤ.አ. በ1954 7.62×51ን የጋራ ጥይቱ ሲያደርግ እንግሊዞች ቀለል ያለ የ7 ሚሊ ሜትር ጥይት አቅርበው ነበር። አሜሪካኖች አልተቀበሉትም፤ ሙሉ ጉልበት ይሁን አሉ። ውጤቱ ኤም 14ን የመሰለ፣ በተከታታይ ሲተኩሱበት በእጅ የማይገዛ ጠመንጃ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆሞ በሰንሰለት ለሚመገብ መትረየስ ግን ይህ ጥይት ዛሬም ግሩም ነው፤ ከ600 ሜትር ወዲያም ለሠለጠነ ተኳሽ ይታዘዛል። ከምሥራቁ በኩል ይህንን ሥራ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ያለው 7.62×54 ነው። የቀለሃው ቂጥ ከንፈር ስላለው ለካዝና አስቸጋሪ ነው፤ በፒኬኤም መትረየስና በድራጉኖቭ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ግን እስከ ዛሬ እንጀራውን እየበላ ነው።

ስለ 5.56 ማወቅ የሚገባው ብዙ ነው፤ ስሙ የጠፋበትም ያተረፈበትም ምክንያት ከአረሩና ከአፈሙዙ ጋብቻ ነው። የመጀመሪያው ኤም 193 አረር 3.56 ግራም ነበር፤ በውስጡ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን በየ305 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዙር የሚያዞር አፈሙዝ ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቶ የመረጠው የቤልጅጎች ኤስኤስ 109 (አሜሪካኖች ኤም 855 የሚሉት) ግን 4 ግራም ሲሆን፣ አፍንጫው ውስጥ ብረት ስላለው ቁመቱ ረዝሟል። ረጅም አረር ቀጥ ብሎ እንዲበር ፈጣን ዙር ይፈልጋል፤ ስለዚህ አዲሶቹ አፈሙዞች በ178 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር ያዞራሉ። አዲሱን ጥይት በአሮጌው አፈሙዝ የተኮሰ ሰው የኢላማው ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን በጎኑ የገባ አረር ቅርጽ ያገኛል። ጥይቱ አልተበላሸም፤ ጋብቻው ነው የፈረሰው። አሮጌው ኤም 193 በአዲሱ አፈሙዝ ሲተኮስ ግን ችግር የለበትም።

ሌላው የአፈሙዝ ቁመት ነው። 5.56 የቆመው በፍጥነቱ ላይ ነው። ከ508 ሚሊ ሜትር ወደ ኤም 4 ካርባይን 368 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ያጣል፤ ይህ የሚታገሡት ነው። ወደ 260 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ኪሳራው ከ100 ሜትር ይዘላል፤ ያልተቃጠለው ባሩድ ከአፈሙዙ ውጭ ነበልባልና ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ለመኪና ውስጥ ታስቦ ያጠረ ጠመንጃ ይዞ ጥይቱን "ደካማ" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በቬትናም ጦርነት 5.56 የሚተኩሰው የአሜሪካ ጠመንጃ የኤም 16 መጣበቅም ዛሬ ድረስ በጥይቱ ዲዛይን ይላከካል። ባሩዱ ከዘንግ ዓይነቱ ወደ ክብ ፍሬው ሲቀየር ጥላሸቱና የተኩሱ ፍጥነት ጨመረ፤ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ደግሞ ክሮም አልተቀባም ነበር፤ ለወታደሩም የማጽጃ ዕቃ በበቂ አልተሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ የባሩዱን ለውጥ በብርቱ ተችቷል። ክሮሙም ማጽጃውም ከመጣ በኋላ ጠመንጃው ሌላ ጠመንጃ ሆነ። ባሩዱን ሳይጠይቁ ጥይት መገምገም አይቻልም።

5.45×39 ላይ ብዙ የምንለው የለም። ከአምስቱ ሁሉ ቀላሉና ምቱ ለስላሳው እሱ ነው፤ አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አየሩን በደንብ ይሰነጥቃል። ከ5.56 ወደ ኋላ ያስቀረነው የአረር ምርጫው ጠባብ፣ የሚያመርቱት አገሮችም ጥቂት ስለሆኑ ነው።

7.62×39ን እ.ኤ.አ. በ1943 የነደፉት ሶቪየቶች አንድ ነገር በጣም አሳምረው ሠርተዋል፤ ቀለሃውን። ከቂጡ ወደ አንገቱ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ቆሻሻ ውስጥም ቢሆን በቀላሉ ይጎርሳል፣ ከተተኮሰ በኋላም ሳይጣበቅ ይወጣል። የክላሽ ካዝና እንደ ሙዝ የታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሾጣጣ ቀለሃዎች ሲደረደሩ ቅስት ይሠራሉና። ደካማ ጎኑ ከ300 ሜትር በኋላ ይታያል። አረሩ ዘገም ያለ ስለሆነ በፍጥነት ይወርዳል፤ ርቀቱን በ50 ሜትር የሳተ ተኳሽ ከኢላማው በታች ወይም በላይ ይመታል። በዚህ ጥይት ርቀት የመገመት ስህተት ይቅርታ የለውም።

የቆዩ የምሥራቅ ጥይቶችን የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይያዝ፦ ብዙዎቹ መቀጣጠያቸው ሲፈነዳ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ አፈሙዙን ያዝገዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። የጋዙ ፒስተንና ቱቦም እንዲሁ ይታጠቡ፤ አብዛኛው ሰው አፈሙዙን ብቻ አጥቦ እነዚህን ይረሳል።

6.8×51ን የአሜሪካ ጦር የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን ምክንያቱ የጥይት መከላከያ ልብስ መሻሻልና የርቀት ፍላጎት ነው። ምሕንድስናው ያስደንቃል፤ የቀለሃው አካል ናስ፣ ቂጡ ግን ብረት ነው፤ ምክንያቱም ግፊቱ ወደ 550 ሜጋፓስካል ይደርሳል፣ የ5.56 ግን 430 ገደማ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ተሸካሚው ነው። ካዝናው 20 ጥይት የሚይዝ፣ ምቱም የከበደ ሆኗል። የ1954ቱን ክርክር በአዲስ ብረት መድገም ይመስለናል።

ሁለት ዓይነት ጥይት የሚይዝ ክፍል መደባለቅን ይፍራ። 300 ብላክአውት የሚባለው ወፍራም አረር ያለው ጥይት የሚሠራው ከ5.56 ቀለሃ ስለሆነ በዚያው ካዝና ይገባል። ወፍራም አረሩ ወደ ቀለሃው ከተገፋ በ5.56 ጠመንጃ ሊጎርስ ይችላል፤ ሲተኮስ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ይፈነዳል። ካዝናዎቹን በቀለም መለየት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን አለመሙላት ግድ ነው።

በጫፍ ቀለም ብቻ መተማመንም አደገኛ ነው። በኔቶ 5.56 ላይ አረንጓዴ ጫፍ ማለት አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለው ተራ አረር ነው። በሶቪየት 7.62 ላይ ያው አረንጓዴ ብርሃን እየተፋ የሚሄድ፣ በሌሊት የተኳሹን ቦታ ወደ ኋላ የሚያሳይ ጥይት ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍና የቀለሃው ቂጥ ላይ ያለው ምልክት ሳይነበብ ካዝና አይሞላም።