ብቻሽን ሎስ አንጀለስ፦ መኪና መከራየት ወይስ ኡበር?

ሎስ አንጀለስ በእግር የምትዳረስ ከተማ አይደለችም። መኪና ብትከራዪ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ማሊቡ ድረስ በፈለግሽው ሰዓት ትደርሻለሽ። ችግሩ ማቆሚያው ነው። አንድ ምሰሶ ላይ ሦስት አራት ምልክት ተደርድሮ ታገኚያለሽ፤ የመንገድ ጽዳት ቀን፣ የሰዓት ገደብ፣ የነዋሪ ፈቃድ። አንዱን ካላየሽ ቅጣት ነው። ማታ ደግሞ ራቅ አድርገሽ ካቆምሽ፣ በጨለማ ብቻሽን ወደ መኪናው መመለስ አለ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ኡበር፣ ማለትም በስልክ አፕ የምትጠሪው ታክሲ፣ በር ላይ ያወርድሻል። ከመግባትሽ በፊት ታርጋውን አመሳክሪ። «ማንን ልትወስድ መጣህ?» በዪው፤ ስምሽን እሱ ይጥራ። አፑ ላይ ባለ 4 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፣ አብሪው። ጉዞሽንም ለእህትሽ አጋሪያት። ረጅም መንገድ ግን ኪስ ያራቁታል። ቀን ቀን ከመሀል ከተማ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ሳንታ ሞኒካ ባቡር አለልሽ።

እኔ ብሆን ለከተማው ኡበር እይዛለሁ፤ መኪናውን ለማሊቡ ቀን ብቻ እከራያለሁ።