የአባታችንን ቤት ያለ ጠብ ያሸጠችን ጠበቃ

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ።

በቅርቡ ጉለሌ የነበረውን የቤተሰብ ቤታችንን ሸጠናል። ካርታው በሟች አባታችን ስም ነበር። ኑዛዜ የለም። እናታችን በሕይወት አለች፣ እኛ አራት ልጆች ነን፣ አንዷ እህታችን የምትኖረው አሜሪካ ነው። ነገሩን የሰማ ሁሉ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ይለን ነበር። እውነቱን ነው። የውርስ ቤት ስንቱን እህትና ወንድም ዓይንና ናጫ እንዳደረገ ሰፈራችን ያውቃል። እኛ ግን ሸጠን፣ ተካፍለን፣ አሁንም ሳንኮራረፍ አለን። ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው ጠበቃችንን ነው።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። «ማስታወቂያ ያስነገርኩ እንዳይመስል» ስላለችኝ ነው።

መጀመሪያ ቤታችን የመጣች ዕለት ስለ ዋጋ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ካርታውን አምጡልኝ» አለች። ካርታውንና የሞት ማስረጃውን ጎን ለጎን ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ካርታው ላይ የአያታችን ስም «ወልደ» ተብሎ ተዘርዝሮ ተጽፏል። የሞት ማስረጃው ላይ «ወ/» ነው፣ በጭረት። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። «መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ግን ሁለት ሰው ይሆናል» አለችን። ቀድመን እንድናስተካክል አደረገች። ይህን ሳናይ ፋይል ብንከፍት ኖሮ መመላለሱን አስቡት።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ጉዳይ ነበር። እናቴ «ቤቱ የኔ ነው፣ ከአባታችሁ ጋር ጭቃውን ረግጬ የሠራሁት ነው» ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «የአባት ቤት የልጆች ነው» ባይ ነው። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ጠበቃዋ ከልጄ ደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቀደደችና ቤት ሣለች። መሀል ለመሀል አሰመረችበት።

«እማማ፣ ይሄ ግማሽ የእርስዎ ነው። ውርስ አይደለም፣ በትዳር ያፈሩት የራስዎ ሀብት ነው። ማንም አይነካብዎትም። ይሄኛው ግማሽ የባለቤትዎ ድርሻ ነበር፣ እሱ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ የለም።»

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እንግዲህ ሕጉ ካለ ምን ይደረጋል» አለች። ወንድሜም ዝም አለ። በሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሲነሳ ሲወድቅ የነበረ ነገር ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አለቀ።

ከዚያ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣን። ምስክር፣ የሞት ማስረጃ፣ የእናቴ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሁላችንም የልደት ማስረጃ። ምን ይዘን እንደምንመጣ ቀድማ ስለጻፈችልን ብዙም አልተንገላታንም። እዚህ ላይ ብዙ የሚወራ የለም።

ደላላው ግን አላስቀመጠንም። ወረቀቱ ሳያልቅ ገዢ ይዞ መጣ። «ቀብድ ተቀበሉ፣ ሰውዬው ይሄድባችኋል» እያለ በቀን ስንቴ ይደውላል። ጠበቃዋ እምቢ አለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። «የእህታችሁ ውክልና ሳይደርስ ቀብድ ከበላችሁና ነገሩ ከተበላሸ፣ እጥፉን ከየት ታመጣላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ደላላው ሌላም ዘዴ ነበረው። ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንድንጽፍና ቀሪውን በጎን እንድንቀበል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። ወንድሜ ትንሽ ልቡ ሸፈተ፣ አልዋሽም። እሷ በአጭሩ ዘጋችው። አንደኛ ግብር መሰወር ነው። ሁለተኛ ገዢው ነገ ቀሪውን አልከፍልም ቢል በምን እንከሰዋለን? ፍርድ ቤቱ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ገዢውም ቢሆን ውሉ ቢፈርስ አስመልሳለሁ ብሎ የሚያሳየው የተጻፈውን ብቻ ነው። «እንዲህ ዓይነት ውል ከፈለጋችሁ ሌላ ጠበቃ ፈልጉ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ ያን ቀን ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳት።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ይችን ልብ በሉ። እህታችን ከዓመታት በፊት የሰጠችው ጠቅላላ ውክልና ነበር። ንብረቷን ያስተዳድራል፣ ቤት ግን አያሸጥም። ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ነው። ጠበቃዋ ቃላቱን ራሷ ጻፈችላት፦ ለመሸጥ፣ ውል ለመፈረም፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር። እህቴ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳ አስጨርሳ ዋናውን ላከች። እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ገባ። (እናቴ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» ነው የምትለው። እኔም እንደዚያው።)

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ገረመኝ። ቤታችን ነባር ይዞታ ነው፣ መሬቱ ያለ ሊዝ የተያዘ ማለት ነው። በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፣ አዲሱ ባለቤት ለመሬቱ ለመንግሥት የሊዝ ክፍያ ይከፍላል ማለት ነው። ገዢው ይህን አያውቅም ነበር። እሷ የእኛ ጠበቃ ናት፣ ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ደላላው ፊቱ ጠቆረ። ገዢው ግን ሄዶ አጣራ፣ ሂሳቡን ሠራና ተመልሶ መጣ። «የነገራችሁኝን ነው የማምነው» አለ። ከዚያ በኋላ በዋጋም አልተከራከረንም።

የፊርማው ቀን ገዢው ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ቼክ) ይዞ መጣ። ከመፈረማችን በፊት ጠበቃዋ ወደ ባንኩ ደውላ አረጋገጠች። ውሉ ሲነበብ እናቴ መሀል ላይ «እስቲ እሷን ድገማት» አለች። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው ያጉረመርማል። ጠበቃዋ ጎንበስ ብላ በእናቴ ጆሮ ቀስ እያለች ደገመችላት። እናቴ ከዚያ በኋላ ነው የፈረመችው።

ርክክቡንም አልተወችውም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባቡን በርክክብ ወረቀቱ ላይ አስጽፋ አስፈረመች። ቀላል ነገር ይመስላል። ቤት ከሸጠ በኋላ የሌላ ሰው የመብራት ዕዳ የመጣበት ጎረቤት ስላለኝ ዋጋዋን አውቃለሁ።

እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ችሎት ትውላለች። ቴሌግራም ከላካችሁ ማታ ትመልሳለች። አነጋገሯም ፊት ለፊት ነው፣ መለሳለስ የለም። የሚከፋው ሰው ሊኖር ይችላል። ክፍያዋን በተመለከተ ከመጀመሪያው ውል ጽፋ ነው የሰጠችን። ቁርጥ ያለ ዋጋ ነው፣ ከሽያጩ በመቶኛ አይደለም። እስከ መጨረሻው አንድ ብር አልጨመረችም። እናቴ ለምርቃት ብላ የሰጠቻትን ነጠላ ግን በስንት ልመና ነው የተቀበለችው።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ስትደውሉላት የካርታውን ፎቶ የፊቱንም የጀርባውንም አዘጋጁ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።