ደማስቆ ቢላ ማጠንከር፦ ውሃ ወይስ ዘይት?

የደማስቆ ቢላህን (የተለያየ ብረት ተደራርቦና ተጣብቆ የሚሠራውን) ስለት ለማጠንከር 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግለኸዋል እንበል (ማግኔት መያዝ የሚያቆመው 770 ገደማ ላይ ስለሆነ ከዛ ትንሽ ማለፍ ነው)፣ አሁን ምን ውስጥ ትነክረዋለህ?

ውሃ፦ ወጪ የለውም፣ እሳትም አይነሳበትም። ግን በጣም ቶሎ ስለሚያቀዘቅዝ ስለቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ደማስቆ ደግሞ ንብርብር ስለሆነ በደንብ ያልተጣበቀ ቦታ ካለው እዛው ጋ ሊከፈት ይችላል፣ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ "ቷ" አለቀ ማለት ነው።

ዘይት፦ ብር ያስወጣል፣ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ስለሚችል ክዳን አጠገብህ ይኑር። 50 ዲግሪ አካባቢ ካሞቅከው (አዎ፣ ሞቅ ያለው ቀጠን ስለሚል ከቀዝቃዛው ይሻላል) 1084 እና 15ኤን20 የሚባሉትን የብረት ዓይነቶች ቅልቅል አሪፍ አድርጎ ያጠነክራል።

በሁለቱም ቢሆን ወዲያው ኦቨን ውስጥ 200 ዲግሪ፣ ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ካልሆነ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው። ውሃውን ለቁርጥራጭ ብረት መለማመጃ ተወው፣ ለለፋህበት ደማስቆ ግን እኔ ዘይት ነው የምለው።